ቀስቱ በቀኝ ይሁን

«በግራ አይሆንም» አሉ መሪጌታ ይርጋ፣ ከማተሚያው ገና ትኩሱን የወጣውን ወረቀት በሁለት ጣቶቻቸው ጫፍ አንጠልጥለው። «ሰው የጠራሁት ልጄን ልድር ነው። በዚያች ቀን በግራ የሚቆሙት እነማን እንደሆኑ አንቺም ሰንበት ትምህርት ቤት ተምረሻል።»

ሰብለ ተምራለች፤ በጎቹ በቀኝ፣ ፍየሎቹ በግራ። ወረቀቱ ላይ ያለው ግን በግም ፍየልም አይደለም። በትልልቅ ፊደል «ወደ መሪጌታ ይርጋ ቤት» ይላል፣ ከሥሩ አንድ ወፍራም ጥቁር ቀስት ወደ ግራ ያመለክታል፣ ቤታቸውም ከመናኸሪያ ሽቅብ ለሚመጣ ሰው በእርግጥ በግራ ነው። ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። አባቷ ግን ቤተ ልሔም ደብር ወርደው የድጓ ዜማ የተማሩ፣ ተማሪያቸው ውጭ ሆኖ አንዲት የዜማ ምልክት ቢዘል ከአልጋቸው ላይ ሆነው የሚያስቆሙት ሰው ናቸውና እሳቸው ፊት ትርጉም የሌለው ምልክት የለም። ቃሉንም ራሱን አልወደዱትም። «ቀስት ማለት ደጋኑ ነው፤ ይኼ የምታሳዪኝ ፍላጻው ነው» ብለው አረሟት፤ ለሠርግ ፍላጻ መለጠፍ ደስ ባይልም ዘመኑ ካመጣው ምን ይደረጋል በሚል ሁኔታ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መለሱት።

የሰብለ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ከተደረደሩት የቆርቆሮ ሱቆች አንዷ ናት። ሁለት ሰው ከቆመባት ሦስተኛው ሲመጣ አንዱ መውጣት አለበት። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ መብራት ሄዶ በተመለሰ ቁጥር እየጮኸ የሚነሣ ፎቶ ኮፒ አላት፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ ራሷ የጻፈችው ዋጋ ተለጥፏል። ጽሑፍ በገጽ አምስት ብር፣ ኮፒ አንድ ብር፣ ላሚኔሽን አሥር ብር፣ ከእያንዳንዱ ዋጋ ፊት አንዳንድ ቀስት። ቀስት ነፍሷ ነው። ቀድሞ ሰረዝና የማዕዘን ምልክት እያጋጠመች ለመሥራት ትሞክር ነበር፤ የአማርኛ መጻፊያው ግን ማዕዘኗን በትእምርተ ጥቅስ እየለወጠ ያበግናት ነበር። ባሕር ዳር ኮምፒውተር የሚማረው ወንድሟ ይታየው ነው ለፋሲካ መጥቶ መላውን ያሳያት። ኦልት የምትባለውን ቁልፍ ተጭነው በቀኝ በኩል ካሉት ቁጥሮች ላይ ሃያ ስድስት ሲጽፉ ቀስቱ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ሃያ ሰባት ሲጽፉ ወደ ግራ። ከዚያ ወዲህ የወረዳው ማመልከቻ ሁሉ ቀስት በቀስት ሆነ። አንድ ባለጉዳይ «ይኼ ምንድን ነው ብለው አባረሩኝ» እያለ ወረቀቱን ይዞባት ተመልሷል፤ እሷ ግን ከአመሏ አልተመለሰችም።

«አባባ፣ ቤታችን እኮ በግራ ነው» አለች።

«ማን አለሽ? ዕድሜዬን ሙሉ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤቴ ስመጣ ትራንስፎርመሩ ጋ ደርሼ የምታጠፈው በቀኜ ነው።»

«እሱማ ከላይ ሲመጡ ነው። እንግዶቹ የሚመጡት ከታች፣ ከመናኸሪያ ነው።»

መሪጌታ ለልጃቸው አዘኑላት። «እንግዳ ሰው አገር ገብቶ ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለም ሰው ቤት ይገባል? መጀመሪያ ወጥተው ይሳለማሉ፣ ከዚያ ይወርዳሉ። ሲወርዱ በቀኝ ነው። በቀኝ አድርጊው።»

ሰብለ እጇን ወደ ቁልፎቹ መለሰች። ትራንስፎርመሩ ጋ መንገዱ መስቀለኛ ነው። ከመናኸሪያ የመጣ ሰው ወደ ግራ ቢታጠፍ መሪጌታ ይርጋ ቤት ይገባል፤ ወደ ቀኝ ቢታጠፍ ደግሞ የታናሽ ወንድማቸው የይርዳው ወፍጮ ቤት ነው። ወንድማማቾቹ ከተኳረፉ ከርመዋል። አንድ እሑድ መሪጌታ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ቀዳሚት ሰንበትን በወፍጮ የሚሽር ሰው መካከላችን አለ» አሉ። ስም አልጠሩም፤ በሰፈሩ ያለው ወፍጮ ግን አንድ ነው። ይርዳው ከዚያን ቀን ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ወፍጮውን ከሌላው ቀን በላይ ያስጮኸዋል፤ መሪጌታም ቅዳሜ ቅዳሜ ከሌላው ቀን በላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይጸልያሉ። እንዲህ ሆነው በአንድ ትራንስፎርመር መብራት እየተጠቀሙ ሳይነጋገሩ ይኖራሉ።

ዛሬም ቅዳሜ ነው፤ የወፍጮው ድምፅ እስከ ሱቋ ይሰማል። ሰብለን ከመከራከር ያስቀራት ግን ወፍጮው ሳይሆን ጠዋት ቤት ውስጥ የሰማችው ነገር ነው። ሙሽራዋ እህቷ ርብቃ እንሶስላ የሞቀ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ፣ ማንንም ሳታይ፣ «ጋሼ ይርዳው ጉልበቱን ሳልስመው ልወጣ ነው?» አለች። ይርዳው ተማሪ ሆኖ እዚሁ ቤት የኖረ፣ ርብቃን አዝሎ ያሳደገ፣ ልጆቹ ሁሉ እንደ ታላቅ ወንድም «አንተ» የሚሉት አጎት ነው፤ የራሱ ልጅ የለውም። ርብቃ ይህን ስትል እናታቸው ወይዘሮ አዛለች የወጡን ድስት ደጋግመው አማሰሉ፣ ሊረዱ የመጡት ጎረቤቶች ሽንኩርታቸው ላይ አቀረቀሩ፣ መሪጌታ ደግሞ ዳዊታቸውን አንድ ገጽ ገለጡ። ርብቃ ከዚያ በኋላ አልደገመችውም፤ ሰብለን ያንገበገባትም ይኸው አለመድገሟ ነው። እህቷ ከሰዓት በኋላ ወደ ሙሽራው አገር ደብረ ታቦር ትሄዳለች፣ ቁርባኑ እሑድ ጠዋት እዚያው ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚሳም ጉልበት ለሠርጓ አይሆንም።

ስለዚህ ሰብለ አባቷን አንዴ ነግራቸዋለች፣ ሁለተኛ አልነገረቻቸውም። ግራውን ቀስት አጠፋችው። ኦልትን ተጫነች፣ ሁለት፣ ስድስት። ቀስቱ ዞረ። የሙሽራው አጃቢዎች ቢያንስ በአጎቷ ደጅ ያልፋሉ፣ ከአጥሩ ላይ ሆኖ ያያቸዋል፣ ማን ያውቃል። ከዚህ የራቀ ሐሳብ አልነበራትም። መሪጌታ በማተሚያው የወጡትን ወረቀቶች አንድ በአንድ አይተው «አሁን ሠርግ ሠርግ አለ» ብለው ሄዱ።

እሳቸው እንደወጡ ይታየው ከደብረ ታቦር ደወለ። ከሙሽራው ጋር አብሮ ሊመጣ እዚያ አድሮ፣ ለአጃቢዎቹ በስልክ የሚከፈት ገጽ ሲሠራ ነው ያነጋው፤ የሙሽሮቹ ፎቶ፣ ሰዓቱ፣ ከሥሩም የመንገዱ አቅጣጫ ያለበት። ሙሽራው ቻላቸው በወጉ መሠረት የርብቃን ደጅ ረግጦ አያውቅም፤ ሽማግሌ አድርጎ የላካቸውም የዚሁ የእስቴ ሰዎች ስለነበሩ ከሚመጡት መካከል ከይታየው በቀር ቤቱን የሚያውቅ የለም።

«ትራንስፎርመሩ ጋ ቀስቱን ወደ ግራ አድርጌዋለሁ፣ ልክ ነኝ አይደል?»

«አባባ በቀኝ ይሁን ብለዋል።»

«በቀኝ ያለው ጋሼ ይርዳው አይደለም እንዴ?»

«እኔ እሳቸው ያሉትን ነው የምነግርህ።»

ይታየው የልብ ሳቁን ለቀቀው። «አንድ ፊደል እኮ ነው» አለ። ገጹ በሚጻፍበት ኮድ ውስጥ ቀስት አይሳልም፤ ጥቂት የእንግሊዝኛ ፊደሎች ተጽፈው ነው ኮምፒውተሩ ወደ ቀስት የሚለውጣቸው፤ በኤል ከጀመሩ ወደ ግራ፣ በአር ከጀመሩ ወደ ቀኝ። «ኤሏን አጥፍቼ አር አደርጋታለሁ። ከፍተሽ እይው።» ሰብለ በስልኳ ከፈተችው። የእህቷ ፎቶ አምሮ ይታያል፣ ቀስት መሆን በነበረበት ቦታ ግን ባዶ ሳጥን ብቻ ተቀምጧል። ስልኳ ርካሽ ስለሆነ ቀስት አያውቅም። ወንድሟን ማመን ነበረባት፤ አመነችው።

ረፋዱ ላይ ወረቀቶቹን፣ ሙጫና መቀስ ይዛ ወጣች። መናኸሪያው በር ላይ አንድ ለጠፈች፣ ከሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ፣ ትራንስፎርመሩን ከተሸከሙት ምሰሶዎች አንዱ ላይ ደግሞ ከታች ለሚመጣ ሰው ፊት ለፊት እንዲታይ አድርጋ የመጨረሻውን። ከኋላዋ የወፍጮ ቤቱ በር ሲጢጥ አለ። ይርዳው ዱቄት ከፀጉር እስከ ጫማው አልብሶት ደጁ ላይ ቆሟል። ቅንድቡ ነጭ ሆኖ ያለ ዕድሜው አስረጅቶታል።

«እንዴት አደርክ ጋሼ ይርዳው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰብልዬ። ምንድን ነው የምትለጥፊው?»

«ለእንግዶቹ ነው። መንገድ እንዳይጠፋባቸው።»

ቀረብ ብሎ አነበበው። አንብቦ ሲጨርስ ቀስቱን ተከትሎ ዞር አለና የራሱን በር አየ፣ መልሶ ወረቀቱን አየ። ሰብለ የያዘችው መቀስ ከበዳት።

«አባትሽ ነው እንዲህ አድርጊ ያለሽ?» ሲል ጠየቃት።

«አዎ» አለች። ውሸት አይደለም። «እሳቸው ራሳቸው ናቸው በቀኝ አድርጊው ያሉኝ።»

ይርዳው እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ዱቄቱ ግን ከእጁም ከሱሪውም አልለቅ አለው። ከዚያ እየተቻኮለ ገባ። ሰብለ ወደ ቤቷ ግማሽ መንገድ ሳትደርስ የወፍጮው ድምፅ ቀነሰ፣ አጉረመረመ፣ ጸጥ አለ።

ጸጥታው ቤታቸው ደጅ እስከተጣለው ዳስ ድረስ ተሰማ። ከባሕር ዛፍና ከሸራ የተሠራው ዳስ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ቦታቸውን ይዘዋል፣ ጠላው በጋን ተደርድሯል፣ የጎረቤት ልጅ ያመጣው ቴፕ የዘፈን ካሴት ያጫውታል። ወይዘሮ አዛለች ማማሰያቸውን እንደያዙ ብቅ አሉና ጆሯቸውን ወደ ወፍጮው በኩል አቀኑ። «ምነው ቆመ?» አሉ። ቅዳሜ ቆሞ አያውቅም። መሪጌታ ነጩን ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ፣ «መብራት ሄዶበት ይሆናል» አሉ። ቴፑ ግን በዚያው መብራት እየዘፈነ ነበር። ማንም ይኼን አላነሣባቸውም። ውስጥ ሚዜዎቿ መካከል የተቀመጠችው ርብቃ ግን ቬሏን ገለጥ አድርጋ ሰብለን በዓይኗ ጠየቀቻት፤ ሰብለም እኔ ምን አውቃለሁ በሚል ትከሻዋን ነቀነቀች። ምን እንደሚሆን በእርግጥም አታውቅም ነበር። እንግዶቹ የተዘጋ በር ቢያጋጥማቸውስ? አጎቷ ቢያባርራቸውስ? እህቷ በሠርጓ ቀን መሳቂያ ብትሆንስ? መቶ ጊዜ ሮጣ ወረቀቱን ልትነቅለው አሰበች፣ መቶ ጊዜ አንድ ሰው ውኃ ቅጂ ብሎ ላካት።

ከቀትር በኋላ የመኪና ጡሩምባ ከመናኸሪያው በኩል ተሰማ። ዳሱ ሁሉ ተነሥቶ ቆመ። ጡሩምባው ቀረበ፣ ትራንስፎርመሩ ጋ ደረሰ፣ ከዚያ እየራቀ ሄደ። ዘፈኑ፣ ጭብጨባው፣ እልልታው በሌላው በኩል ቀለጠ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከውጭ አንዲት ጎረቤት እየሮጠች ገባችና «ሙሽራው ወፍጮ ቤት ገባ!» አለች።

መሪጌታ ይርጋ መቋሚያቸውን አንሥተው ወጡ። ሰብለ ነጠላዋን እያጣፋች ተከተለቻቸው። አረማመዳቸው የተቆጣ ሰው አረማመድ ነበር፤ እንዲህ ሲራመዱ ተማሪዎቻቸው ይደበቃሉ። ትራንስፎርመሩ ጋ ሲደርሱ ወረቀቱ ፊት ቆሙ። ምናልባት በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን መስቀለኛ መንገድ ከታች ወደ ላይ ሆነው አዩት። ስማቸውን አነበቡ፣ ፍላጻውን አዩ፣ ፍላጻው የሚያሳየውን በር አዩ። ደጁ ላይ ሦስት መኪናዎች ቆመዋል፣ ከፊተኛው መስኮት ይታየው አንገቱን አውጥቶ አባቱን ሲያይ መልሶ አስገባው።

«እንግዲህ» አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው፣ «ይኼ ሁሉ ሰው ቤተ ክርስቲያን አልተሳለመም ማለት ነው።»

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የይርዳው ግቢ ሰብለ ጠዋት ያየችው ግቢ አልነበረም። ጆንያዎቹ ወደ ጥግ ተከምረዋል፣ መሬቱ ውኃ ተረጭቶ ቄጠማ ተጎዝጉዞበታል፣ ከየቤቱ የተለቀሙ አግዳሚዎች በአጥሩ ዙሪያ ተደርድረዋል። አንድ በግ ታርዶ ቆዳው አጥሩ ላይ ተሰጥቷል፤ ጥብሱ እየተንቻቻ ነው። ቻላቸውና ሚዜዎቹ ከረባታቸውን እያስተካከሉ መሃል ላይ ቆመዋል፣ እነሱም ትክክለኛው ሠርግ ቤት እንደገቡ ከልባቸው ያመኑ ይመስላሉ። ይርዳው ታጥቧል። ነጭ ኩታ ለብሷል። ጆሮው ውስጥ ግን ትንሽ ዱቄት ቀርቶበታል፤ ሰብለ እሱን ስታይ እንባዋ መጣ።

ታላቅ ወንድሙን ሲያይ ሰው መካከል ሮጦ መጥቶ ጉልበታቸው ላይ ወደቀ።

«ወንድም ጋሼ» አለ። «ቤቴን ቤትህ ብለህ ስትጽፍልኝ፣ እኔ ምን ልበልህ? ጠዋት ሳነበው ጊዜ አጠረኝ እንጂ በሬ ነበር የምጥለው።»

መሪጌታ ምንም አልተናገሩም። የከበቧቸው ሰዎች ደስታ ልሳናቸውን የያዘው መሰላቸው፤ አንዲት ሴት እንዲያውም እልል አለች። ሰብለ ብቻ ነበረች ዝምታው ምን እንደሆነ የምታውቀው። አንድ ቃል ነው የሚበቃው። ስህተት ነው ቢሉ እውነታቸውን ነው፤ መሪጌታ ደግሞ እውነት የሚያስቀሩ ሰው አይደሉም። ቄጠማውን አዩ፣ አጥሩ ላይ የተሰጣውን ቆዳ አዩ፣ ጸጥ ያለውን ወፍጮ ለረዥም ጊዜ አዩት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ወንድማቸውን በብብቱ ይዘው አነሡት።

«ታዲያ የት ሊገቡ ኖሯል?» አሉ።

የቀረው ሁሉ በፍጥነት ሄደ። ጥብሱ ተበላ፣ ጠላው ተጠጣ፤ አጃቢው ሁሉ ይርዳውን ፊት አስቀድሞ እየዘፈነ መስቀለኛውን ተሻግሮ ወደ ሙሽራዋ ቤት ወጣ። ቻላቸው በአንድ ቀን ሁለት ሠርግ ቤት የገባ ሙሽራ ተብሎ እስከ ዛሬ ይቀለድበታል። ርብቃ አጎቷን በሩ ላይ ስታየው ሚዜዎቿ ለመያዝ እስኪያቅታቸው ድረስ ተነሥታ ሮጠች። ጉልበቱን ሳመች፤ እሱም ሊመርቃት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመረ። ወይዘሮ አዛለች ድስታቸውን ትተው ወጥተው ነበር፤ ምርቃቱ እስኪያልቅ ማማሰያው በእጃቸው እንዳለ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ መሪጌታ ሰብለን አንዴም አላዩዋትም።

ሙሽሮቹ ከተሸኙ በኋላ ሰብለ ሳህን ከሚያጥቡት ሰዎች ለማምለጥ ሱቋን ከፍታ ተቀመጠች። ፀሐይ ገና አልገባችም። ኮምፒውተሩን ያለ ሥራ አበራችው። ብዙም ሳይቆይ በሩ ጨለም አለና አባቷ ገቡ፤ ባለጉዳይ በሚቀመጥባት ዱካ ላይ ተቀምጠው መቋሚያቸውን ጉልበታቸው መካከል አቆሙ።

«ታውቂ ነበር» አሉ።

«ነግሬዎት ነበር አባባ።»

«አንዴ ነው የነገርሽኝ።»

ሰብለ መሬት መሬት አየች። ይቆጡኛል ብላ ጠበቀች፤ አልተቆጡም። ሌላ ነገር ሊሉ የመጡ ሰው ናቸው፣ ግን አወጣጡ የጠፋቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የሐሙሱ መልስ እኔ ቤት ይሁን ብሎ ይርዳው ለመነኝ። እሺ ብዬዋለሁ። ካህናቱን ጠርቻለሁ፤ ቅዳሴ ወጥተው ነው የሚመጡት፣ ከላይ።» መቋሚያቸውን አሽከረከሩ። «ከቤተ ክርስቲያን ለሚወርድ ሰው የይርዳው ቤት በየት በኩል ነው?»

ያውቃሉ። ተወልደው ያደጉበት ሰፈር ነው።

«በግራ ነው አባባ» አለች።

መሪጌታ ይርጋ ግድግዳው ላይ ያለውን የዋጋ ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አነበቡት፣ በየፊቱ ያሉትን ቀስቶች አንድ በአንድ አዩአቸው። ከዚያ ዱካዋን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጉ።

«ጻፊው» አሉ።

ሰብለ ኦልትን ተጫነች፣ ሁለት፣ ሰባት። «ወደ አቶ ይርዳው ቤት» ከሚለው ሥር ቀስቱ ወደ ግራ ተዘረጋ። አባቷ ጎንበስ ብለው አዩት።

«ቀጠነ» አሉ። «ወፈር አድርጊው፤ ከሩቅ ይታይ።»